ጥላቻ ለባለቤቱ ምን ይሠራለታል?

እ.ኤ.አ. በ2010 ክረምት ኦምዱርማን ውስጥ 19 ወጣት ወንዶች ፍርድ ቤት ቀርበው በነፍስ ወከፍ 30 ጅራፍና የ1,000 ፓውንድ መቀጮ ተፈረደባቸው። ግርፋቱም ሰው ቆሞ እያየ ተፈጸመ። ጥፋታቸው አንድ ድግስ ላይ የሴት ልብስ ለብሰው፣ ተኳኩለውና እንደ ሴት ሲጨፍሩ መገኘታቸው ነው። የተቀጡት ከወንድ ጋር ተኝተዋል ተብለው አልነበረም። ለዚያማ የ1991ዱ የሱዳን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 148 የሚባል ራሱን የቻለ ድንጋጌ ነበረው፤ ለሦስተኛ ጊዜ የተገኘን ሰው እስከ ሞት የሚያስቀጣ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጋዜጠኛዋ ሉብና አሕመድ ሁሴን ካርቱም ውስጥ ሱሪ ለብሳ በመገኘቷ በአንቀጽ 152 ተከስሳ ነበር። እሷ ሱሪ ለበሰች፣ እነሱ የሴት ልብስ ለበሱ። ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ የሚያስቆጣው አልጋ ላይ የሚደረገው ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። በወንድና በሴት መካከል የተሰመረው መስመር ራሱ ጠባቂ አለው።

መስመሩ ይህን ያህል ጥበቃ ለምን አስፈለገው? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጆሴፍ ቫንዴሎና ጄኒፈር ቦሰን በ2008 ባሳተሙት ጥናት አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ። ሴትነት ከዕድሜ ጋር የሚመጣና የማይነጠቅ ተደርጎ ሲታይ፣ ወንድነት ግን በየጊዜው የሚመሰከርለት፣ በአንድ ስህተትም ሊታጣ የሚችል ማዕረግ ነው። ለእኛ ይህን ለማመን ላብራቶሪ አያስፈልገንም። «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ተብሎ ያልተፈተነ ልጅ የት አለ? «ሴት አይደለሽም እንዴ?» የሚለው ግን ቢነገር እንኳ ሥራ ለማስታወስ እንጂ ማዕረግ ለመግፈፍ አይደለም። እነ ቦሰን ቀጥለው ወንዶችን በሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን የአሻንጉሊት ፀጉር እንዲሠራ፣ ሌላው ተመሳሳዩን ጉንጉን በገመድ እንዲሠራ ተደረገ። ከዚያ የቦክስ ከረጢት እንዲመቱ ሲፈቀድላቸው ፀጉር የሠሩት አጥብቀው መቱ። ማንም አልሰደባቸውም፤ ጥቂት ደቂቃ ሹሩባ መሥራት ብቻ እጃቸውን አከበደው። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይልቅ ተመሳሳይ ፆታ ወዳዶችን መጥላታቸው፣ ከሴቶቹም ይልቅ በወንዶቹ ላይ መክፋታቸው በብዙ ጥናት የታየ ሲሆን አንዱ ምክንያት እዚህ አለ። ሴታሴት የሚባለው ወንድ ማንንም ሳይነካ፣ ማዕረጉ የሚወልቅ መሆኑን በቁመናው ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወደው አንድ ማብራሪያ አለ፤ «አብዝቶ የሚጠላ ራሱ ውስጡ አለበት» የሚል። መነሻው በአብዛኛው ሄንሪ አዳምስና ባልደረቦቹ በ1996 በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ሙከራ ነው። 64 ወንዶች የወሲብ ፊልም እያዩ የሰውነታቸው ምላሽ በመሣሪያ ተለካ። ሁለት ወንዶች የሚታዩበት ፊልም ሲቀርብ፣ በመጠይቁ ጥላቻ ያሳዩት ሰዎች ምላሽ ከሌሎቹ ጨመረ። ወሬው ዓለምን ዞረ። ሆኖም ሙከራው ትንሽ ነው፤ አጥኚዎቹ ራሳቸውም ጭንቀት ብቻውን እንዲህ ያለ የሰውነት ምላሽ ሊያመጣ እንደሚችል ጽፈዋል። አንዳንዱን ሰው ሊገልጽ ይችል ይሆናል። ለአንድ ሕዝብ ስሜት ማብራሪያ ማድረግ ግን አያዋጣም፤ ከዚያም በላይ አንድ ስውር ክፋት አለው። ገራፊው ድብቅ ተመሳሳይ ፆታ ወዳድ ከሆነ፣ የተመሳሳይ ፆታ ወዳዶች ሥቃይ የራሳቸው ሰዎች ሥራ ሊሆን ነው፤ ቀሪዎቻችንም ነጻ ወጣን። እኔ ይህን ነጻ መውጣት አላምነውም።

ወደ መጸየፍ እንለፍ፤ ሰዎች ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ ከክርክር በፊት የሚቀድመው እሱ ነውና። «ይቀፈኛል» የሚል ሰው የሚዋሽ አይደለም፤ እውነትም ሆዱ ይገላበጣል። ችግሩ ሆዱ እንደ ምስክር ሲቆጠር ነው። ዮኤል ኢንባርና ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ሙከራ፣ መጥፎ ሽታ በተረጨበት ክፍል ውስጥ መጠይቅ የሞሉ ሰዎች ንጹሕ ክፍል ውስጥ ከሞሉት ይልቅ ለተመሳሳይ ፆታ ወዳድ ወንዶች ያላቸው ስሜት ቀዘቀዘ። ስለ ሰዎቹ አዲስ ነገር አልሰሙም፤ አፍንጫቸው ብቻ ነው የሰማው።

ከጎንደር በመተማ አድርጎ ካርቱም የገባ ክርስቲያን ይህን ከማንም በተሻለ ሊያስረዳ ይችላል። ሥጋ ሻጩ ሁሉ ሙስሊም በሆነበት ከተማ የመጀመሪያዎቹን ወራት በፉልና በምስር ይገፋል። ቢሳሳት፣ አንድ ቀን ወጡ ውስጥ የማን ሥጋ እንዳለ በኋላ ቢነግሩት፣ የሚሰማው የቀኖና ጥያቄ አይደለም፤ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ምራቁ ይሞላል። ሥጋው ግን ያው የበግ ሥጋ ነው። አገሩ ላይ የክርስቲያን ሥጋ ሲሸሽ ያደገው ሙስሊም ጎረቤቱም በተራው ከክርስቲያን ቤት ቢላ የወጣ ሥጋ ቀርቦለት ያው ጉሮሮ ይዘጋበታል። ይህ አካላዊ ስሜት የተማሩት ነው፤ በልጅነት፣ ከእናት ፊት ላይ፣ ቃል ሳይወጣ። ዓመታት ሲያልፉ ከእነዚሁ ሰዎች ብዙዎቹ ከሱዳናዊው ጎረቤታቸው ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሃይማኖቱን የለወጠ የለም። የመጸየፍ ስሜት ስለ እኛ አስተዳደግ ብዙ ይናገራል፤ ስለሚጸየፉት ነገር ግን የሚያረጋግጠው የለም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ካላክላ ከካርቱም በስተ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው መንገድ ያለ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት እዚያ የኖረ ሐበሻ የማታውን ቡና ያውቀዋል። ጀበናው ይወጣል፣ ከስልክ ስልክ ቪዲዮ ይዞራል። ድምፁ የቀጠነ፣ እጁን የሚያወዛውዝ ወጣት ብቅ ይላል። አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው ያክልበታል፣ ሳቅ ይሆናል። ከዚያ ጥግ ላይ ለተቀመጠው ጥያቄ ይመጣል፤ «ምነው አንተ ዝም አልክ?»

በዚህች ጥያቄ ላይ መቆየት ይገባል። የካሊፎርኒያው ተመራማሪ ግሪጎሪ ሄሬክ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲያጠና «ሰዎች ለምን ይጠላሉ?» ከማለት ይልቅ «ጥላቻው ለሚጠላው ሰው ምን ይሠራለታል?» ብሎ ጠየቀ። አንዳንዱ ካጋጠመው ነገር ተነስቶ ይፈርዳል። አንዳንዱ የውስጡን ፍርሃት ይከላከልበታል። አንዳንዱ እምነቱንና ማንነቱን ይገልጽበታል። ሌላው ደግሞ ከባልንጀሮቹ ተቀባይነት ያገኝበታል። ጥግ ላይ ያለው ሰው ስለ ቪዲዮው ልጅ ምንም ላይሰማው ይችላል። ሆኖም ዝም ካለ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ይሳደባል፣ ምናልባትም ከሁሉም አብልጦ። ቀጥሎ ያለው የሱን ስድብ ሰምቶ ሁሉም እንዲህ የሚያስብ ይመስለዋል። ክቡ በዚህ ይዘጋል። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2007 ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት 97 በመቶ ኢትዮጵያውያን ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶምን መቀበል የለበትም ማለታቸውን ሳስብ፣ አብዛኞቹ ከልባቸው እንዳሉት አልጠራጠርም። ግን ለማያውቁት ጠያቂ ፊት ለፊት ሌላ መልስ መስጠት የሚችል ሰው ማን ነበር?

ስደት ይህን ጫና ያከብደዋል። ካርቱም ውስጥ «ሐበሽ» የሚለው ስም ከጠላና ከአረቄ፣ ከልቅነትም ጋር ተያይዞ ይነሳ ነበር። በተለይ መንገድ ዳር ሻይ የሚያፈሉ ሴቶቻችን ከሻ (የፖሊስ አፈሳ) በተባለ ቁጥር ጀበናና መቀመጫቸውን ሰብስበው ይሮጡ ነበር፤ የተያዘችው ዕቃዋን ታጣ፣ ትቀጣም ነበር። የሚያሳድዳቸው የሕዝባዊ ሥርዓት ፖሊስ ነበር፤ ሱሪ የለበሰችንም ሴት ይይዝ የነበረው እሱ። በሥነ ምግባሩ የተጠረጠረ ማኅበረሰብ ምን ያደርጋል? ብዙ ጊዜ ከጥርጣሬው ጋር አይጣላም፤ ወደ ሌላ ያዛውረዋል። «እኛ እንኳን እንዲያ አይደለንም» ለማለት «እንዲያ» የሚባል አንድ ሰው ያስፈልጋል። የተገፋ ሰው የሌላውን መገፋት ወዲያው ይረዳል ብሎ ማሰብ ደግ ሐሳብ ነው፤ ነገሩ ግን በራሱ አይመጣም።

«ከውጭ የመጣ ነው» የሚለውም ክርክር ያው ሥራ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ከፈረንጅ መጣ ይባላል፤ በ2019 ቶቶ ቱርስ የተባለ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት ተመሳሳይ ፆታ ወዳድ ቱሪስቶችን ላሊበላ ሊያመጣ ነው ሲባል የተነሳው ቁጣ ይህን በደንብ ያሳያል። የሚገርመው የሕጉ ታሪክ ነው። የ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው። የሱዳኑ እ.ኤ.አ. የ1899 ሕግ ደግሞ እንግሊዞች ከሕንድ ገልብጠው ያመጡት ነው። ሃይማኖታዊው ክልከላ በሁለቱም አገር ከዚያ የቆየ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ፖሊስ፣ መዝገብና የእስር ዘመን የያዘው ክልከላ የፈረንጅ እጅ አለበት።

ሃይማኖቱስ? ይህን ጥያቄ ማለፍ አንባቢን መናቅ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም ድርጊቱን ኃጢአት ይለዋል፤ ይህን ማመን ብቻውን የሥነ ልቦና ጥያቄ አያስነሳም። ጥያቄው የሚነሳው ከሚዛኑ ነው። አራጣ የሚበላ፣ ሚስቱ ላይ የሚሄድ፣ በሐሰት የሚመሰክር ሰው በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ይወገዛል፤ ግን ለቅሶው ላይ እንቀመጣለን፣ ሰርጉ ላይ እንበላለን። አንዱ ኃጢአት ብቻ ሰውየውን ከነስሙ የሚያስወጣ ከሆነ፣ ተጨማሪው ክብደት ከመጽሐፉ አልመጣም። ጎርደን ኦልፖርትና ማይክል ሮስ በ1967 ሃይማኖተኞችን ሲያጠኑ፣ እምነታቸውን ለሰው ፊትና ለጥቅም የያዙት፣ እምነታቸው የሕይወታቸው መመሪያ ከሆነው ይልቅ ጭፍን ጥላቻ እንደሚበዛባቸው አገኙ። ያኔ የተጠኑት በዘርና በሃይማኖት ላይ ያሉ ጥላቻዎች ናቸው። ለተመሳሳይ ፆታ ወዳዶች ሲሆን ልዩነቱ እንደሚደበዝዝ በኋላ የመጡ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ጉባኤው ራሱ ጥላቻውን ይደግፋል። የእምነት ጥልቀት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም ማለት ነው።

የወላጆችን ስጋት ደግሞ እንደ ጭፍንነት ብቻ ማየት ስህተት ነው። በልጆች ላይ የሚፈጸም ጥቃት አለ፤ ወንዶች ልጆችም ይደፈራሉ። ይሁን እንጂ አእምሯችን የሚቆጥረው የሰማውን ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ፈቃደኛ የሆኑ አዋቂዎችንም ስለሚቀጣ፣ በሰላም የሚኖር ተመሳሳይ ፆታ ወዳድ ራሱን አይገልጽም። በዜና የሚመጣው የተከሰሰው ብቻ ነው። መምህሩ፣ ነርሱ፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ከቆጠራው ውጭ ናቸው። ከእስር ቤት በር ላይ ቆሞ የአንድን ከተማ ነዋሪ ጠባይ የሚገምት ሰው ይህን ስህተት ይሠራል።

ቶማስ ፔቲግሪውና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው፣ ከሚጠሉት ወገን ሰው ጋር በቅርብ መተዋወቅ ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ አረጋገጡ፤ ውጤቱ ከጎሉባቸው ወገኖች ተመሳሳይ ፆታ ወዳዶች ይገኙበታል። ግን መተዋወቅ የሚቻለው ማን ከማን ጋር ነው? ሱዳን በ2020 ከአንቀጽ 148 ላይ ጅራፉንና የሞት ቅጣቱን አነሳች፤ እስሩ ቀረ። አዲስ አበባ ላይ በ2023 ክረምት የከተማው የጸጥታ ቢሮ ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን እያሰሰ እርምጃ እንደሚወስድ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ ይደብደቡ፣ ይገደሉ ይባል ነበር። ከካላክላ ጦርነቱን ሸሽቶ መተማን የተሻገረ ሱዳናዊ ተመሳሳይ ፆታ ወዳድ ከአንዱ አንቀጽ አምልጦ ሌላው አንቀጽ ውስጥ ነው የገባው።

ለዚህ ሁኔታ ቅርብ ሆኖ የማገኘው ጥናት ዴቪድ ብሩክማንና ጆሹዋ ካላ በ2016 ያሳተሙት ነው። ማያሚ ውስጥ ሰዎች በር እያንኳኩ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያወያያሉ። ርዕሱ ፆታቸውን የለወጡ ሰዎች ናቸው። ስብከት የለም፣ ስታቲስቲክስ አይደረደርም። የቤቱን ባለቤት «አንተስ ከሌላው ስለተለየህ የተፈረደብህ ጊዜ ነበር?» ብለው ይጠይቁታል፤ የራሱን ታሪክ እንዲናገር ይተዉታል፤ ከዚያ ስለ ሌላው ያወራሉ። የአስተያየቱ ለውጥ ቢያንስ ሦስት ወር ቆየ። ከሻ ሲባል የእህቱን ጀበና ይዞ የሮጠ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። በር ያንኳኩት ሰዎች ሁሉ ፆታቸውን የለወጡ አልነበሩም፤ ያልለወጡትም ባወያዩበት ቤት ለውጡ ታይቷል። ስለዚህ ባለጉዳዩ ራሱን ገልጦ እንዲወጣ፣ አደጋውን እንዲሸከም መጠበቅ ግዴታ አይደለም። «ምነው አንተ ዝም አልክ?» የተባለው ሰውም ቢሆን ጥያቄውን ሊጠይቅ ይችላል።