ቁስል ለምን ያብጣል?

አንድ ገበሬ ከድሬዳዋ ዙሪያ ገጠር ተነሥቶ ወደ ከፊራ ገበያ ሲወርድ እሾህ ወጋው እንበል። እሾሁን ነቅሎ መንገዱን ቀጠለ። በማግስቱ እግሩ ቀላ፤ ጋለ፤ አበጠ፤ ሲነኩትም አመመው። «ምን ሆንክ?» ሲሉት «ቁስሉ ተቆጣብኝ» አለ። ለመሆኑ የተቆጣው ማን ነው? የተቆጣው የገዛ ሰውነቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ትናንሽ ክፍሎች ነው። እነዚህም ሕዋሳት ይባላሉ። በደማችን ውስጥ ቀይ ሕዋሳትና ነጭ ሕዋሳት አሉ። ነጮቹ የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ ሌት ተቀን ከደም ጋር ይዘዋወራሉ።

እሾህ ሲገባ ብቻውን አይገባም፤ ቆሻሻና ተሐዋስያን ይዞ ይገባል። ሌሊት ጅብ በረት ሲገባ ባለቤቱ «ኡኡ!» ብሎ ይጮኻል። የሰማ ጎረቤት ሁሉ ዱላውን ይዞ ወደዚያው ይሮጣል። የተጎዳ ሥጋም እንዲሁ ያደርጋል። አፍ ስለሌለው ግን የሚጮኸው ልዩ ልዩ ንጥረ ነገር በማመንጨት ነው።

በዚህ ጊዜ በአካባቢው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ብዙ ደም ስለሚመጣ ቦታው ይቀላል፤ ይግላል። የደም ሥሮቹ ግድግዳም ስለሚላላ ከደሙ ውስጥ ውሃው ወደ ሥጋው ይወጣል። እብጠት ማለት ይኸው ነው። ነጭ ሕዋሳቱ በግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። ከዚያም በጠባብ ቀዳዳ ተሽሎክልከው ይወጡና ጩኸቱ ወደ በረታበት ይሄዳሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሚደርሱት ፈጣኖቹ ናቸው። ተሐዋስያኑን እየዋጡ ይገድላሉ፤ ራሳቸውም እዚያው ያልቃሉ። መግል በአብዛኛው የእነዚህ ዘበኞች ሬሳ ነው። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ትላልቆቹ ይመጣሉ። ሬሳውን ያጸዳሉ፤ ቁስሉም እንዲጠግግ ይረዳሉ። እግር ሲቆስል በብሽሽት የሚወጣው ንፍፊትም የዘበኞቹ መሰብሰቢያ ጣቢያ ነው።

ይህን አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ በሩሲያ ግዛት የተወለደው ሊቅ ሜችኒኮፍ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 በኢጣሊያ አገር ሳለ፣ ውስጧ እንደ መስተዋት የሚታይ ትንሽ የባሕር እንስሳ በጽጌረዳ እሾህ ወጋ። በማግስቱ በማጉያ መሣሪያ ሲመለከት ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሁለት የሕክምና ሊቃውንት አንዱ ሆነ።

ይሁን እንጂ ለእርዳታ የመጣ ጎረቤት አልበተንም ካለ አጥሩን ራሱ ይሰብራል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ ከተማ ቺኩንጉንያ የሚባል በሽታ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ታሞ ነበር። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው በቀን የምትናከስ ትንኝ ናት። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ይበርዳል። አንዳንዱን ሕመምተኛ ግን መገጣጠሚያው ለወራት ያመዋል። ምክንያቱም ነጭ ሕዋሳት በመገጣጠሚያው ውስጥ ተሰብስበው ስለሚቆዩ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቁስልን ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና እንጠብ። እበት ወይም አፈር አንለጥፍበት። እብጠቱን አንጭመቀው፤ በምላጭም አንብጣው። እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ዘበኞቹ እርዳታ ፈልገዋል ማለት ነውና ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም እንጠይቅ። ትንኟ የምትራባው በቤታችን በተጠራቀመ ውሃ ስለሆነ በርሜልና እንስራ እንክደን፤ ውሃ የቋጠረ አሮጌ ጎማም እንድፋ።

ዘበኞቻችን ሥራቸውን ያውቃሉ። የእኛ ድርሻ ሥራ እንዳይበዛባቸው መጠንቀቅ ነው።