ድልድይ የሌለው የቶርስሞርክ መንገድ

ከአይስላንድ ደቡብ፣ 60 ሜትር ገደማ ቁልቁል ከሚወረወረው ከሰልያላንድስፎስ ፏፏቴ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ቶርስሞርክ ሸለቆ የሚዘልቅ መንገድ አለ፤ መለያው ኤፍ 249 ነው። ርዝመቱ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ግን ወንዞቹ ድልድይ የላቸውም፤ መኪናው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሻገረው። ስለዚህም የሚፈቀደው በአራቱም ጎማ ለሚነዳ መኪና ብቻ ነው።

መንገዱ በኤያፍያላዮኩል ግርጌ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፈንድቶ የአውሮፓን በረራዎች ያስቆመው እሳተ ገሞራ ይህ ነው። ያኔ የቀለጠው በረዶ በጊግዮኩል የበረዶ ግግር በኩል ወርዶ ከሥሩ የነበረውን ሐይቅ በደለል ሞላው። ከዚያ አልፎ የስቴንሆልትሳ ወንዝ፣ በሸለቆው ውስጥ ወዳለው ላንጊዳሉር ለሚሄድ ደግሞ በመጨረሻ ክሮሳ ይጠብቃል። ክሮሳ አውቶቡስ ሳይቀር ያሰጠመ ወንዝ ነው። በጠጠሩ ሜዳ ላይ አቅጣጫውን ስለሚቀያይር የእግረኞቹ ድልድዮች እንኳ ጎማ ተገጥሞላቸው ከቦታ ቦታ ይዛወራሉ።

ወንዞቹ የበረዶ ልጆች ናቸውና ሰዓት አላቸው። ሌሊት ቅዝቃዜው መቅለጡን ስለሚገታው ጠዋት ያንሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይሞላሉ። ጠዋት ያሳለፈ መልካ ማታ ላይመልስ ይችላል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጠዋቱም አይታመንም። ውሃው በደለል ስለሚደፈርስ ወለሉ አይታይም፤ ሹፌሩ የሚያነበው ገጹን ነው። ሰፋ ብሎ እየተንቀጠቀጠ የሚፈሰው ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፤ ጠበብ ብሎ ዝም ያለው ያስፈራል።

ዝቅተኛውን ማርሽ ከዳር አስገብቶ፣ መሃል ላይ ሳይቀይር፣ ወደ ውሃው መውረጃ ገደድ ብሎ፣ በዝግታ ግን ሳይቆም ይነዳል። ፍጥነት ውሃውን ወደ ሞተሩ የአየር ማስገቢያ ይረጨዋል። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅምና ፒስተኑ ሲገፋው የፒስተኑ ዘንግ (ቢየላው) ይጣመማል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ የጠፋን ሞተር እንደገና ለማስነሣት መሞከር አይገባም። ስኖርክል፣ ማለትም ከፍ ብሎ የተሠራ የአየር ማስገቢያ ቱቦ፣ ሞተሩን ከውሃ ይጠብቃል እንጂ መኪናው በጎርፍ እንዳይወሰድ አያደርግም።

በእኔ እምነት የዚህ መንገድ ትልቁ ሙያ ያለው ከውሃው በፊት ነው፦ ከመኪና ወርዶ ማየት፣ ሌላው ሲሻገር መጠበቅ፣ ጥርጣሬ ካለ መመለስ። በበጋ ለወንዝ የተሠሩ ረጃጅም አውቶቡሶች ወደ ሸለቆው ይመላለሳሉና የተመለሰ ሹፌር ቶርስሞርክን አያጣም። ወንዙን የናቀ ግን ከመኪናው አልፎ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።