ከመርፌው በፊት የሚቀዳ ደም

በምዕራብ ዓባያ፣ ከብርብር ከተማ ወደ ሐይቁ ዳር ባለው ቆላ፣ ልጅ ሲያተኩሰው ቀድሞ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ጥርጣሬውም ጣት በስቶ መመርመሩም ተገቢ ነው። ይህ ልማድ የሚያሳስተው ግን አንድ ልጅ አለ፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ጀምሮ በሁለት የኬሞ ዙሮች መካከል ወደ ቤቱ የተመለሰው። ኬሞ ካንሰሩን ሲመታ መቅኔንም ስለሚያደክም፣ ባክቴሪያን ቀድመው የሚጋፈጡት ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይመናመናሉ። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲወርዱ ልጁ ለደም ኢንፌክሽን ይጋለጣል። መግል የሚሆኑትም እነዚሁ ሴሎች ናቸውና ቁስሉ ላይመግል፣ የሳንባ ምቹም በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው፤ እሱንም ቤት ውስጥ የተሰጠ ፓራሲታሞል ይሸፍነዋል። ስለዚህ አንዴ 38.3 ዲግሪ የደረሰ፣ ወይም 38 ላይ አንድ ሰዓት የቆየ ትኩሳት እንዲህ ላለው ልጅ ድንገተኛ ሕመም ነው።

ጥፋተኛውን የሚያጋልጠው ምርመራ የደም ካልቸር ይባላል። ሥራው ከዘር መዝራት ብዙም አይርቅም። ደሙ ፈሳሽ ምግብ ወዳለበት ጠርሙስ ይገባል፤ ጠርሙሱ በ35 እና በ37 ዲግሪ መካከል ሙቀት እየተሰጠው እስከ 5 ቀን ይቀመጣል። ባክቴሪያ ካለ ይራባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል፤ ማሽኑ ይህን ለውጥ አንብቦ ይጠራል። ማሽን በሌለበት ባለሙያው ጠርሙሱ መደፍረሱን በየዕለቱ በዓይኑ ይከታተላል። የበቀለው ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በሳህን ላይ ከበቀለ በኋላም የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚገታው ይፈተናል። የምርመራው ዕጣ ግን ከማሽኑ በፊት በቀጂው እጅ ይወሰናል። ቆዳው በደንብ ካልጸዳ የሚበቅለው የቆዳ ባክቴሪያ ይሆናል። ደሙ ካነሰም ባክቴሪያው ሊያመልጥ ይችላል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ እንኳ የማይገኝበት ጊዜ አለና። ደም ያነሰውን ልጅ ደግሞ ደም መቅዳት ጭካኔ የሚመስለው ወላጅ ብዙ ነው። ሆኖም 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 800 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አለው፤ 5 ሚሊ ሊትር ከዚያ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

ውጤቱ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ከመጣ ምን ይረባል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። መድኃኒቱ ውጤቱን አይጠብቅም፤ ደሙ እንደተቀዳ፣ ልጁ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲኩ በደም ሥር መጀመር አለበት። ካልቸሩ የሚያገለግለው ከዚያ በኋላ ነው። የተለመዱትን መድኃኒቶች የሚቋቋሙ ክሌብሲየላና ኢ ኮላይ የተባሉ ባክቴሪያዎች በአገራችን ሆስፒታሎች እንግዳ ስላልሆኑ፣ በጭፍን የተጀመረውን መቀየር ወይም መቀጠል የሚቻለው በእሱ ነው። እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ ጠርሙሶች ምንም አያበቅሉም፤ ያም ቢሆን ልጁ ከኢንፌክሽን ነፃ ነው ማለት አይደለም። ወባ ተገኘ ብሎ እዚያው ማቆምም አያዋጣም። ፈጣኑ ምርመራ የሚይዘው የጥገኛውን ፕሮቲን በመሆኑ ወባው ከታከመ በኋላም ለሳምንታት አዎንታዊ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ወባና የደም ኢንፌክሽንም አንድ ልጅ ላይ ይገናኛሉ።

ከባዱ ጥያቄ ጠርሙሱ በሌለበት ጤና ጣቢያ ምን ይደረግ የሚለው ነው። በእኔ ግምት፣ አርባ ምንጭ እስኪደረስ መርፌውን ማቆየት ከካልቸሩ ከሚገኘው ጥቅም ይበልጥ ያስከፍላል፤ የመጀመሪያው መርፌ እዚያው ተሰጥቶ ልጁ ወዲያው ይላክ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ ግን የመድኃኒቱ ስምና የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ የተቀዳው ደም ምንም ሳያበቅል ቢቀር፣ ሐኪሙ ምክንያቱን ከዚያ መስመር ይጠረጥራል።