ማርታ ማለት ምን ማለት ነው?

ማርታ የሚለው ስም ሥሩ አራማይስጥ ነው። በዚያ ልሳን «ማር» ጌታ፥ «ማርታ» እመቤት ማለት ነው፤ በግእዛችን እግዝእት እንደምንለው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት ፍጻሜ የምናነበው «ማራን አታ»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

አንዲት ተሳላሚ እኅት ግን ስሟ የሥራ ቤት ሴት ስም መስሏት ስታዝን ሰማን። ይህ ከስሙ ትርጓሜ የመጣ አይደለም፤ ማርታ ስለ መስተንግዶ መባከኗ ብቻ ስለሚነገር ነው። ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 10 ጌታን በቤቷ እንደ ተቀበለች ይጽፋልና፥ ያገለገለችው እመቤት ሆና እንጂ ገረድ ሆና አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ም አልዓዛር ሳይነሣ አስቀድማ የክርስቶስን የእግዚአብሔር ልጅነት የመሰከረች እርሷ ናት። መንደሯ ቢታንያ በደብረ ዘይት ምሥራቃዊ ጎን ትገኛለች፤ ዐረቦች ግን በወንድሟ ስም አልዓዛሪያ ይሏታል።