ባንዱ ተበተነ፣ ባንጆው ግን ቀጠለ

ባንጆ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ባለ ባርኔጣ፣ ጢሙን ያሳደገ ነጭ ገበሬ ነው። ፊልሙም ማስታወቂያውም ያስለመደን እንደዚያ ነው። አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ብዙ ሰዎችም ከዚህ የተለየ አያስቡም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ባንጆ የአፍሪካውያን ልጅ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች በቅል ላይ ቆዳ ወጥረው፣ ክር ስበው የሠሩት መሣሪያ ነው። ነጮቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁሮች እየቀለዱ መድረክ ላይ ይዘውት ወጡ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ማን እንደነበር ቀስ በቀስ ተረሳ።

ለመረሳቱ ገበያውም እጁ አለበት። በ1920ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሸክላ አሳታሚ ኩባንያዎች የደቡቡን ሙዚቃ ለሁለት ከፍለው መሸጥ ጀመሩ። የጥቁሩ በአንድ ካታሎግ፣ የነጩ በሌላ ካታሎግ ሆነ። በአንድ መንደር አንድ ዓይነት ዜማ ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች በወረቀት ላይ ተለያዩ። ጥቁሩ ብሉዝ እንዲጫወት ሲጠበቅ ፊድልና ባንጆ ለነጩ ተተወ። እኔ የምሠራው ከዳታ ጋር ስለሆነ ይኼ ነገር ይገርመኛል። አንድ ጊዜ በስህተት የተከፈለ ምድብ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲቆጠር ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ማስተርሴን ስሠራ፣ ሌሊት ኮድ እየጻፍኩ በጆሮ ማዳመጫ ከሰማሁት ከአንድ ባንድ ነው፤ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ይባላል።

ነገሩ የተጀመረው በ2005 በሰሜን ካሮላይና ቡን ከተማ በተደረገ የጥቁሮች የባንጆ ጉባኤ ነው። ሪያነን ጊደንስ ኦበርሊን ኦፔራ የተማረች የግሪንስቦሮ ልጅ ናት። ዶም ፍሌመንስ ከአሪዞና፣ ፊድል ተጫዋቹ ጀስቲን ሮቢንሰን ደግሞ ከዚያው ከሰሜን ካሮላይና ናቸው። ሦስቱን ያስተሳሰራቸው ሜበን በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጆ ቶምፕሰን ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ያኔ 86 ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። ከጥንቱ የጥቁሮች የፊድልና ባንጆ ባንዶች ወግ ከቀሩት ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበሩ። ወጣቶቹ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እሳቸው ቤት እየሄዱ፣ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ እጃቸውን እያዩ ተማሩ። ኖታ የለም፣ ሲላበስ የለም። ተጫወት፣ ስማ፣ ድገም፤ በቃ።

ታዲያ የተማሩትን እንደ ሙዚየም ዕቃ መስታወት ውስጥ አላስቀመጡትም። በ2010 ባወጡት «ጄኒዩን ኒግሮ ጂግ» በተሰኘው አልበማቸው ውስጥ የመቶ ዓመት የዳንስ ዜማ አለ፤ ብሉ ካንትሬል በ2001 የተጫወተችው የአር ኤንድ ቢ ዘፈንም በፊድልና በአፍ በሚመታ ምት ተሠርቶ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስትሰሟቸው የሥጋ ዘመዳሞች እንደሆኑ ይገባችኋል። አልበሙ በ2011 በባህላዊ ፎልክ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አገኘ።

በዚያው ዓመት ሮቢንሰን ባንዱን ለቀቀ። ሌሎች ልጆች ተተኩ፤ ከነሱም ውስጥ የሄይቲ ዝርያ ያላት የቼሎ ተጫዋች ሌይላ ማካላ ትገኝበታለች። በ2012 ጆ ቶምፕሰን በ93 ዓመታቸው አረፉ። በ2013 ደግሞ ፍሌመንስ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ጊደንስ በራሷ ስም መሥራት ጀመረች፤ ባንዱም በዚያው ቆመ።

እኛ ሐበሾች ይህን ስንሰማ ቶሎ የሚመጣልን ጥያቄ «ማን አጣላቸው?» የሚል ነው። በስደት አገር ማኅበር፣ የኳስ ቡድን፣ አንዳንዴ ዕድር ሳይቀር ሲከፈል አይተናል። የወጣው ከሃዲ፣ የቀረው አምባገነን ይባላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን ጉልበቱን የሚጨርሰው ሌላኛውን በማጥላላት ነው። እንደው ለነገሩ፣ ከተለያዩ በኋላ ምን ሠሩ ብለን ብንጠይቅ አይሻልም?

ፍሌመንስ ስለ ጥቁር ካውቦዮች በ2018 አንድ ሙሉ አልበም ሠራ። ሮቢንሰን ወደ ዕፅዋትና ደን ጥናት ዞረ። ጊደንስ በባርነት ወደ አሜሪካ ስለተወሰደው ሙስሊም ሊቅ ስለ ዑመር ኢብን ሰዒድ ከማይክል ኤብልስ ጋር የደረሰችው ኦፔራ በ2023 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በ2024 ቢዮንሴ በካንትሪ ዘፈን የዓለምን ጆሮ ስትይዝ፣ መግቢያው ላይ የሚሰማው ባንጆ የጊደንስ ነው። አንድ ባንድ ተበትኖ ሦስት አራት ቦታ በቀለ ማለት ነው። በእኛ ሙያ አንድ ፕሮጀክት ለሁለት ቢከፈል ሁለቱም ቅርንጫፍ ከነታሪኩ ይቀጥላል፤ ሥሩን አይክድም። እነዚህም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ሽማግሌ ላይ ነበር። ልጆቹ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ዘግይተው ቢሆን ኖሮስ? የጆ ቶምፕሰን ቅጂ በቴፕ መኖሩ አይቀርም ነበር። ቅጂ ግን የሚያድንህ ፋይሉን ብቻ ነው፤ ቀስቱ በየት በኩል እንደሚጫን፣ መቼ ዝም እንደሚባል አያሳይህም። ማሲንቆና ክራር ከባንጆ ጋር ዝምድና አላቸው እያልኩ አይደለም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ግን ልጅ ለመጠየቅ ሲመጡ ሦስት ወር ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን አይተው ይመለሳሉ። የሚያውቁትን እንጉርጉሮ፣ ፉከራ፣ የሠርግ ዘፈን ማን ጠየቃቸው? ስልክ ደቅኖ መቅዳት ጥሩ ነው። አጠገብ ተቀምጦ አብሮ መሞከር ግን ይበልጣል፤ ሐሙስ ማታም ቢሆን፣ እሑድ ከሰዓትም ቢሆን።

በሚያዝያ 2025 ሦስቱ ጓደኛሞች ደርሃም በተደረገ ፌስቲቫል ላይ እንደገና አንድ መድረክ ላይ ወጡ። በዚያው ወር ጊደንስና ሮቢንሰን በባንጆና በፊድል ብቻ የሠሩት አልበም ወጣ። የተቀዳው ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም። ከፊሉ የተቀዳው ሜበን፣ ያ ሽማግሌ ያስተማሯቸው ቤት ደጅ ላይ ነው።