ሰዓቱ «ቀስ በሉ» ሲል ስሙት፦ በመሐል ሜዳ ብርድና ከፍታ የልብ ምት ሰዓት እንዴት እንጠቀም?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ በዛ፦ «ጠዋት ዱብ ዱብ ስል ሰዓቴ 180 ያሳየኛል፤ ልቤ ችግር አለበት እንዴ?» አጭሩ መልስ፦ ሰዓቱ የቆጠረው ልባችሁን ሳይሆን እግራችሁን ሊሆን ይችላል። ረጅሙን እነሆ።

የስማርት ሰዓት ጀርባ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አይታችኋል አይደል? ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር ወደ እጅ አንጓ የሚመጣው ደም ይጨምራል፣ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ይቀንሳል። ሰዓቱ ይህን ከፍና ዝቅ እያየ ይቆጥራል። ልብን በቀጥታ አያዳምጥም ማለት ነው፤ ከአንጓ ላይ ሆኖ ይገምታል።

የእኛ ሀገር ጠዋት ደግሞ ለዚህ ግምት አይመችም። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭ ያለ ባና ከቤት መውጣት እንዴት እንደሚከብድ ለእናንተ አንነግርም። ሰውነት ሲበርደው ሙቀቱን ለመቆጠብ የእጅና የእግር ደም ስሮችን ያጠባል። በአንጓ የሚያልፈው ደም ያንሳል፣ ሰዓቱም የሚያየው ይጠፋዋል። በዚያ ላይ ክንድ ይወዛወዛል። ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ መርገጡ የተለመደ ነው፤ የልብ ምት የጠፋበት ሰዓት የእርምጃውን ምት ይዞ ቁጭ ይላል። «180» የመጣው ከዚህ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከጃኬት እጅጌ ስር ይሁን። ከመሮጣችሁ በፊት 10 ደቂቃ ያህል እየተራመዳችሁ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ንቅሳት ያለበት ቦታ ላይ ከሆነ ወደ ሌላኛው እጅ አዙሩት፤ ቀለሙ ብርሃኑን ያግደዋል። ከዚያ ቁጥሩን ፈትኑት፦ ቁሙ፣ ሁለት ጣት አንገታችሁ ላይ አድርጉ፣ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙ። ወዲያው መሆን አለበት፣ ስትቆሙ ምቱ በፍጥነት ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ሰዓቱን እመኑት፤ 30 እና 40 ከሆነ ግን አትከተሉት።

(ሙዝ ላይ ሰዓት አስረው «የልብ ምት አሳየ፣ ፎርጅድ ነው» የሚሉ ቪዲዮዎችን አይታችሁ ይሆናል። ደህናው ሰዓትም ይህን ሊያደርግ ይችላል፣ ስለዚህ ሙዙን ብሉት። ትክክለኛው ፈተና የጣት ቆጠራው ነው።)

አቅሙ ያለው የደረት ቀበቶ ቢጠቀም ይሻለዋል። ቀበቶው የሚያነበው ብርሃን ሳይሆን ልብ ስትመታ የምታመነጨውን ኤሌክትሪክ ነው። የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ ያለ ገመድ የሚሠራ የልብ ምት መለኪያ ለገበያ ያቀረበው በ1982 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያኔም የሚታሰረው ደረት ላይ ነበር።

እሺ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው እንበል። ምን እናድርግበት? ብዙ ሰዓቶች «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» እያሉ የሚከፋፍሉት ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው። የ20 ዓመት ልጅ ከፍተኛ ምቱ 200 ነው ይላሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ቀመር ደግሞ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ይቀንሳል፤ በዚህኛው ያው ልጅ 194 ነው። ሁለቱም አማካይ ናቸው። የአንድ ሰው ትክክለኛ ቁጥር ከዚያ በ10 ምትም በላይ ሊርቅ ይችላል።

ስለዚህ የራሳችሁን መነሻ ያዙ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ከአልጋ ሳትነሡ ምታችሁን ለኩና ስልካችሁ ላይ ጻፉት። የዚያ ልጅ የዕረፍት ምት 60 ከሆነ፣ ከ194 ላይ 60 ሲቀነስ 134 ይቀራል። ለቀላል ሩጫ የዚህን ከ60 እስከ 70 በመቶ ወስዶ 60 መልሶ ይደምርበታል፤ ከ140 እስከ 154 ይመጣል። ዱብ ዱብ በሚልበት ቀን ከ154 ካለፈ ይቀንስ፤ ዳገት ላይ ከሆነ በእግሩ ይሂድ፣ ነውር የለውም።

እንደኛ እንደኛ የሰዓቱ ትልቁ ጥቅም ይኸው ማዘግየቱ ነው። በዓለም ደረጃ የሚወዳደሩ የረጅም ርቀት ሯጮች ልምምድ ሲጠና ከ80 በመቶ የማያንሰው በቀላል ፍጥነት የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል። የእኛ ልጆች ግን ሰኞም ኮሮኮንች ላይ ሽቅድምድም፣ ማክሰኞም ሽቅድምድም፤ ከዚያ ኮንዲሽኑ ጠፋ፣ ጉልበት ታመመ፣ ሩጫው ቀረ።

ከጓደኛ ጋር ቁጥር ማወዳደርም ይቅር። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ልጅ እዚህ በእናንተ ፍጥነት ቢሮጥ፣ ኦክስጅኑ ስለሚያንሰው ልቡ ከለመደው በላይ ትመታለች። እናንተ ወደዚያ ስትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ምታችሁን ከፍ ያደርገዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደማቸው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝተውታል። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰውነት የራሱ መላ አለው፤ ለእንግዳ ተራራ ወጪ የተጻፈ ምክር ለእናንተ እንዳለ አይሠራም።

ሰዓት የሌላችሁስ? የስልካችሁን ካሜራና ፍላሽ በጣት ሸፍኖ የሚለካ አፕሊኬሽን አለ፤ አሠራሩ ያው ብርሃን ነው፣ ለዕረፍት ምት ይበቃል። ለሩጫው ወሬ ራሱ መለኪያ ነው፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥባችሁ ማውራት ከቻላችሁ ፍጥነታችሁ ቀላል ነው።

የጠዋት ምታችሁ ከለመዳችሁት በ7 እና በ10 ከፍ ካለ እንቅልፍ ማጣት፣ ውሃ ማነስ (በጾም ወቅት በተለይ) ወይም ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ከባድ ልምምድ አትሥሩ። ቁጭ ብላችሁም ሁልጊዜ ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም ስትሮጡ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ልባችሁ ከተዘባረቀች ግን ጉዳዩ የሰዓት አይደለም። በሀገራችን ወጣቶች ዘንድ በአግባቡ ካልታከመ ቶንሲል የሚመጣ የልብ በሽታ ብዙ ነው፤ ሰዓት ይህን አያገኝም፣ «ኖርማል» ብሎ ቢጽፍም አትዘናጉ። ሩጫውን አቁማችሁ ሆስፒታል ሂዱ፣ ልጅ እያላችሁ ጉሮሮና መገጣጠሚያ ደጋግሞ ያማችሁ ከነበረም ለሐኪሙ ንገሩት። ስልካችሁ ላይ የጻፋችሁትን የጠዋት ምትም አሳዩት።