የአቃቂ ቃሊቲ ሦስት ሐዲዶች

አዲስ አበባ ባሕር የላትም። በባቡር ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚሄድ ግን የሚወጣው በደቡቧ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። በዚህ የፋብሪካና የመጋዘን ክፍለ ከተማ አካባቢ በየዘመናቸው ሦስት ሐዲዶች ተዘርግተዋል።

የመጀመሪያው ታሪክ የሚጀምረው በ1886 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሽቅብ ወደ መዲናዋ ለሚወጣ ባቡር አቃቂ ከመጨረሻዎቹ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ከውጭ የሚገባ ማሽንና ጥሬ ዕቃ በሐዲዱ፣ በኋላም በደብረ ዘይት መንገድ ያልፍ ስለነበር፣ ፋብሪካዎች እዚህ መሰባሰባቸው አያስገርምም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ የሐዲድ ስፋት። ይህ በሁለቱ ብረቶች ውስጠኛ ጎን መካከል ያለው ርቀት ነው። የቀድሞው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር። ጠባብ ሐዲድ በተራራማ አገር ጠበብ ያለ ኩርባ ለመዞር ያመቻል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት መለኪያ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው።

ሁለተኛው ሐዲድ የተዘረጋው በዚህ መለኪያ ሲሆን ዓላማውም ሌላ ነው። ቀላል ባቡር የሚባለው በከተማ ውስጥ አጭር ርቀት የሚጓዝ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቆምና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር ነው። የትራም ዘመድ ነው። ትራም በአፍሪካ ቀድማ ያወቀችው የወደብ ከተማዋ እስክንድርያ ናት፤ በ1863 እ.ኤ.አ. የጀመረችው በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ነበር። አዲስ አበባ ግን ያንን ደረጃ ዘልላ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ጀመረች።

ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ከወር በላይ ቆይቶ ተከተለው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱም አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። የግንባታው ወጪ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ሲጀመር ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 ወይም 6 ብር ነበር። ባቡሮቹ የሚያድሩባቸውና የሚጠገኑባቸው ሁለት ዴፖዎች አሉ፤ አንዱ ቃሊቲ፣ ሌላው አያት። ዴፖ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በከተማ ዳር ነው። በአስፋልቱ መሐል በአጥር ተከልሎ መሄዱ ባቡሩን ከመጨናነቅ አድኖታል፤ መንገድ ለሚሻገር እግረኛ ግን ዙሪያ ጥምጥም ሆኖበታል። ይህን ዋጋ ዕቅዱ አሳንሶ የገመተው ይመስለኛል።

ሦስተኛው በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ነው። መንገደኛ የሚሳፈረው ከለቡ ሲሆን ጭነት የሚስተናገደው ከአቃቂ ቃሊቲ በስተደቡብ ባለው እንዶዴ ጣቢያ ነው። የዚህም ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ታዲያ የቃሊቲው ባቡር በዚህ ሐዲድ ጅቡቲ መድረስ ይችላል? አይችልም። የከተማው ባቡር የሚሠራው በ750 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ ነው። የአገር አቋራጩ ደግሞ አቅጣጫው በሚለዋወጥ በ25,000 ቮልት ኤሲ ይሠራል። ስፋታቸው ቢገጥምም ኃይላቸው አይገጥምም።

ለዕቅድ አውጪ የቀረው ሥራ እንግዲህ ሐዲዶቹን ማገናኘት ሳይሆን መንገደኛውን ማገናኘት ነው። ከቀላል ባቡር ወደ ጅቡቲው ባቡር የሚሻገር ሰው ቃሊቲም ሆነ ሌላ ፌርማታ ላይ ወርዶ ለቡ ድረስ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ይሄዳል። የአቃቂ ከተማ ነዋሪም እንዲሁ ነው። በ1909 ባቡር ያለፈባት አቃቂ ዛሬ ቀላል ባቡሩ ከሚያበቃበት ከቃሊቲ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አልፋ ስለምትገኝ፣ ነዋሪዋ ከፌርማታው ወርዶ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሚኒባስ ተጋፍቶ ነው።